ከማኖቬላ እስከ ምሥጢራዊ ቍጥር፤ የመኪና መክፈቻ በዲላ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ዲላ ይደርሳል። ዛሬ መንገደኛው ቡናውን ጠጥቶ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ሀገረ ማርያምና ወደ ሞያሌ የሚያልፍባት ይህች ከተማ፣ በቀድሞው ዘመን ለብዙ ዓመታት ክረምት ከበጋ የሚያስኬደው መንገድ የሚያበቃባት የደቡብ ጫፍ ነበረች። ከእርሷ ወዲያ ያለው ጉዞ የዝናብን ፈቃድ የሚጠብቅ ስለ ነበረ፣ ከይርጋ ጨፌና ከዚያም አልፎ ካለው አገር የሚወጣው ቡና በጋማ ከብትና በሰው ትከሻ፣ መሬቱ ሲጠነክርም በመኪና እየመጣ ዲላ ላይ ይራገፍ፣ ተመዝኖም እንደ ገና ይጫን፣ ከዚያም በትልልቅ የጭነት መኪናዎች ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። መንገድ የሚያበቃበት ስፍራ መኪና የሚያድርበት ስፍራ ነውና፣ መኪና በሚያድርበትም ስፍራ የተበላሸውን የሚያበጅ፣ የጠፋውን የሚተካ፣ የተዘጋውን የሚከፍት ሰው አይታጣምና፣ የቡናይቱ ከተማ በዚሁ ምክንያት የጋራዥ ከተማም ለመሆን በቃች።

ዲላ ስላለችበት ስለ ጌዴኦ ምድር ቡና ብዙ ተብሏል፤ ስለ ቱቱ ፈላና ስለ ጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮችም እንዲሁ፤ በእንሰት፣ በቡናና በዛፍ ጥላ የተሸፈነው የጌዴኦ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ተጻፈ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ለመስማት በቅቷል። የመኪና ቁልፍ ግን፣ በየኪሳችን እየተንሿሿ ሲኖር፣ ታሪክ አለው ብሎ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም መኪናይቱ ለማን ትታዘዝ ዘንድ ይገባል የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ዘመን የተለየ መልስ ሲሰጠው የኖረ ነው፤ መጀመሪያ ለጕልበት፣ ቀጥሎ ለብረት፣ በመጨረሻም በዐይን ለማይታይ ቍጥር እንድትታዘዝ ተደርጓል። በእነዚህ ሦስት ዘመናት ውስጥ የመክፈት ሥልጣን ከመንገድ ዳር ባለሞያው እጅ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄዶ፣ ባሕር ማዶ በሚገኝ መዝገብ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጠ ከዲላ ላይ ሆኖ መመልከት ከትልቅ ከተማ ይልቅ ይበጃል፤ በትልቅ ከተማ ሁሉም ነገር ቅርብ ስለ ሆነ ርቀቱ አይታወቅምና።

ከመኪናው አስቀድሞ በጌዴኦ ምድር የንብረት ዋነኛ ጠባቂ የሰው ዐይንና የሰው ቃል ነበረ። በእንሰትና በቡና ተክል መካከል የተሰወረው የቀርከሃ ቤት በመወርወሪያ ቢዘጋም፣ መወርወሪያው አውሬን ይከለክል ይሆናል እንጂ የጨከነን ሌባ አይመልስም ነበር፤ ድንበር የገፋውን፣ ከብት የነዳውን ሰው የሚመልሰው ባሌ በሚባለው የጌዴኦ የገዳ ሥርዐት ከአባ ገዳው ጀምሮ እስከ መንደሩ ሽማግሌ የተዘረጋው ዳኝነትና በሶንጎ ተቀምጦ የሚመረምረው ሸንጎ ነው። ነጋዴውና ከሰሜን የመጣው ሹም ግን ጓጕንቸርን ይዘው መጡ፤ በየአጥቢያው የተተከለችውም ቤተ ክርስቲያን የዕቃ ቤቷን መክፈቻ ለገበዙ አስረከበች። ለቅዱስ ጴጥሮስ የተሰጡትን መራኁት፣ ማለትም ቁልፎች፣ በግድግዳ ሥዕል ላይ ሲያይ ያደገ የደብር ልጅ፣ ቁልፍ ከመክፈቻነቱ ሌላ የሥልጣን ምልክት መሆኑን ለማወቅ መምህር አላስፈለገውም። ገበዙ ቁልፉን ቢጥል ግን የአገሩ ባለ እጅ ሌላ ሠርቶ ይሰጠው ነበር፤ ምሥጢሩ ያለው በብረቱ ጥርስ ላይ ነውና፣ ብረቱም ከመንደሩ እሳት አይበልጥምና።

እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባቀረበ ጊዜ፣ የሞተር መክፈቻ ማለት ማኖቬላ ማለት ነበር። ይህ የብረት እጀታ ከመኪናው ፊት ገብቶ በክንድ ኀይል ሲዞር ሞተሩ ይነሣል፤ የሚያዞረው ሰው ግን አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን እንዲያደርግ ይመከር ነበር፤ ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ የመለሰ እንደ ሆነ እጀታው አውራ ጣትን ብቻ ሳይሆን ክንድንም ይሰብራልና። በዚያ ዘመን መኪና ለመስረቅ የሚያስፈልገው ቁልፍ ሳይሆን ድፍረትና ጡንቻ ነው ማለት ይቻላል። ቁልፍ የሚባለው ነገር ኋላ ሲመጣም ሥራው የእሳቱን መሥመር መግጠምና መቍረጥ ብቻ ሆኖ፣ ዐይነቱም እጅግ ጥቂት ነበር፤ በዓለም ሁሉ የተሰራጨችው የፎርድ ሞዴል ቲ ቁልፎች ከ51 እስከ 74 ድረስ ቍጥር የተጻፈባቸው 24 ዐይነቶች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ሀያ አራቱንም በአንድ ክር የሰበሰበ ሰው የሚሊዮኖች መኪናዎች ጌታ ለመሆን ይችል ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሞተርን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣውን፣ ሞተሪኖ የተባለውን መሣሪያ ፈልስፎ፣ እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከተገጠመ ወዲህ ማኖቬላ መሻር ጀመረ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሞተሪኖው በእግር በሚረገጥ ወይም በእጅ በሚጫን አዝራር ይነሣ ነበር እንጂ ከቁልፉ ጋር አልተዋሐደም። ቁልፉን በአንድ መዞር እሳቱንም ሞተሪኖውንም እንዲያዝ ያደረገው የክራይስለር ፋብሪካ ሲሆን፣ ጊዜውም በዚያው አቈጣጠር 1949 ነው።

ወደ ጌዴኦ ምድር መኪና በብዛት የገባው ከጣልያን ወረራ ወዲህ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው ወረራ ጠላት ለጦሩ ማመላለሻ ብሎ መንገድ ቈፈረ፤ ሲሸሽም የጭነት መኪናዎቹንና የጋራዥ ሞያውን ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት የቡናው መንገድ ንጉሥ፣ ሹፌሮች በፍቅር ኤንትሬ የሚሉት የፊያት መኪና ነበር። በዚያ ዘመን የናፍጣ መኪና ላይ ቁልፍ የነበረው ክብር ዝቅተኛ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየሩን አምቆ በማጋል እንጂ በካንዴላ ብልጭታ ስላልሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ቁልፉ ቢነቀል እንኳ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሌላ የሚሳብ እጀታ ነበረ። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነ ሹፌሩ መኪናውን ቍልቍለት ላይ አቁሞ ያድራል፤ ረዳቱ ጧት ታኮውን ከጎማው ሥር ይነቅላል፤ መኪናው በራሱ ክብደት ተንደርድሮ በማርሽ ይነሣል። ሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ ይገፋል። ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ ወይም ወደ ይርጋ ጨፌ በጭቃ ውስጥ ሰው እየጫነ የሚወጣው ላንድሮቨርም ከዚህ ልማድ የራቀ አልነበረም።

ስለዚህ የኤንትሬው እውነተኛ መቈለፊያ ሹፌሩ ራሱ ነበረ። ባለ ንብረቱ አዲስ አበባ ወይም ዲላ ተቀምጦ፣ የብዙ ሰው ሀብት የሆነ ቡና ተጭኖ ሌሊቱን ሲጓዝ፣ ዋስትናው የሹፌሩ ስም፣ ስሙን የሚያውቁት የመንገድ ከተሞችና ከታኮው አጠገብ የሚተኛው ረዳት ነው። የቡናው የራሱ ባለቤትነት ግን እንዲህ በመተማመን የሚያልፍ ጉዳይ አልነበረም፤ ገበሬው ከተከለው ቡና ላይ ለባለ ርስቱ የሚቈረጠው ድርሻ ያስመረረው የጌዴኦ ሕዝብ በ1952 ዓ.ም. ሚጭሌ ላይ ዐምፆ ደሙን አፈሰሰ፤ ጥያቄውም እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ሳይመለስ ቈየ። የጎተራው ቁልፍ በማን እጅ መሆን እንደሚገባው የተነሣው ይህ ክርክር ራሱን የቻለ መጽሐፍ የሚሻ ስለ ሆነ እዚህ ላይ እንተወዋለን።

አሁን ወደ ብረቱ ቁልፍ ዘመን እንለፍ፤ ለባለሞያው እጅ እጅግ የሰፋው ዘመን ይህ ነውና። የቁልፉ ቤት ማለት በአንድ ክብ ጕድጓድ ውስጥ የሚዞር ሌላ ክብ ብረት ሲሆን፣ በውስጡ በጥቃቅን ሞላ የሚገፉ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ ቅጠሎቹ ወጣ ብለው ሲቀመጡ ክቡ አይዞርም፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ጥርስ የራሱን ቅጠል በልኩ ያስተካክልና መንገዱ ይለቀቃል። ጥንታውያን ግብፃውያን በእንጨት ሲሠሩበት የነበረውን ይህን የመሰለ ጥበብ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ በብረት አጥርቶ ለዓለም ገበያ አቀረበው፤ የመኪናው መቈለፊያም የዚያው ቤተሰብ ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምዕራብ ጀርመን፣ በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይም አሜሪካኖች፣ ቁልፉ ሲነቀል መሪው እንዲታሰር የሚያደርገውን ብረት ጨመሩበት፤ ከዚያ ወዲህ መኪናን ቍልቍለት ላይ አንደርድሮ መውሰድ ሌባን ገደል የሚከት ሥራ ሆነ።

ይህ መሣሪያ የሚያረጀው በጥቂት በታወቁ ምክንያቶች ነው። የጌዴኦ ምድር ቀይ አፈር በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው፤ አቧራው ከቁልፉ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል፤ ባለ መኪናው ቁልፉ ሲከብደው የሞተር ዘይት ያንጠባጥብበታል፤ ዘይቱ ለአንድ ሳምንት ያለሰልስና ከዚያ በኋላ አቧራውን አጣብቆ ቅጠሎቹን ያስራል። እዚህ ላይ የእርሳስ ዱቄት ዐይነት ደረቅ ማለስለሻ ከዘይት እንደሚሻል ዕድሜ የጠገቡ መካኒኮች ሲመክሩ የኖሩት ምክር ትክክል ነው። ሁለተኛው ምክንያት ክብደት ነው፤ የቤቱን፣ የሱቁንና የመጋዘኑን ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት የሚያንጠለጥል ነጋዴ፣ መኪናው በድንጋያማ መንገድ ላይ በተንገጫገጨ ቍጥር የናሱን ቅጠል በራሱ ቁልፍ ሲሞርድ ይውላል። ሦስተኛው ከሁሉ የረቀቀ ነው። ያረጀ ቁልፍ ለቁልፍ ቀራጭ ሲሰጥ፣ መቅረጫው መኪና የሚገለብጠው ቁልፉ ሲወለድ የነበረውን መልክ ሳይሆን እርጅናውን ነው፤ ከግልባጩ ግልባጭ ሲወጣ ስሕተቱ እየተደመረ ይሄድና አንድ ቀን አዲሱ ቁልፍ አሮጌው የሚከፍተውን አይከፍትም፤ ከጥንታዊ ብራና የሚገለብጥ ጸሓፊ የቀደመውን ጸሓፊ ግድፈት ከራሱ ግድፈት ጋር እንደሚያወርስ ማለት ነው። ለዚህ መድኀኒቱ በቁልፉ ቤት ወይም በቀድሞው ቁልፍ መለያ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ይዞ በልኩ ማስቀረጽ ነበር፤ ያን ቍጥር የሚጠብቅ ባለ መኪና ግን እጅግ ጥቂት ነው።

የቁልፉ ቤት ፈጽሞ ሲበላሽ መለወጡ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ለብልኅ እጅ ከዚያም ያንሳል። በብዙዎቹ የጃፓን መኪናዎች ላይ የመሪው ሥር ሽፋን ይወልቃል፤ ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይዞራል፤ በጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ገብቶ መያዣዋ ትጫናለች፤ ያን ጊዜ የቁልፉ ቤት ተስቦ ይወጣል። ቁልፉ ከነጭራሹ የጠፋ እንደ ሆነ ግን መዞር ስለማይቻል በመሰርሰሪያ መበሳት፣ አለዚያም ራሱ እንዲቈረጥ ተደርጎ የተሠራውን ብሎን ሞርዶ መሪ ማሰሪያውን በሙሉ ማውረድ ግድ ይሆናል። ከአሮጌ መኪና የተወሰደ ሌላ የቁልፍ ቤት ይገጠማል፤ ባለ መኪናውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቁልፍ ለበሩ፣ አንድ ቁልፍ ለሞተሩ ይዞ ይኖራል። በሁለት ቁልፍ የሚነዳ መኪና ባየን ጊዜ ታሪኩን ከዚህ እንረዳለን። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ አንዳች እንኳ ከዲላ መውጣትን የሚጠይቅ አልነበረም።

ሦስተኛው ዘመን የተወለደው ከሌሎች ሰዎች ጭንቀት ነው። እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የመኪና ሌብነት በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ ስለ በዛ፣ የመድን ድርጅቶች በየዓመቱ የሚከፍሉት ካሳ አስመረራቸው። አስቀድሞ ጄኔራል ሞተርስ በ1986 በኮርቬት መኪናው ቁልፍ ላይ ልዩ ልዩ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መጠን ያላትን ጥቍር ነጥብ አኖረ፤ መጠኖቹ 15 ብቻ ስለ ነበሩ የታገሠ ሌባ አንድ በአንድ ሊሞክራቸው ይችል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። በቁልፉ ራስ ውስጥ ባትሪ የሌላት፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ የማትበልጥ ቺፕ ተቀበረች፤ በቁልፉ ቤት አፍ ዙሪያም የመዳብ ሽቦ ጥቅል ተቀመጠ፤ ቁልፉ ሲዞር ጥቅሉ በ125 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ በሚሠራ የሬዲዮ ሞገድ ቺፒቱን ያነቃታል፤ እርሷም ከዚያው ሞገድ ባገኘችው ኀይል ምሥጢሯን ትናገራለች፤ የመኪናው ኮምፒዩተር ቃሏን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ እውነት ሆኖ ካላገኘው ነዳጁን ወይም እሳቱን ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረት ከኦክቶበር 1998 ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ ይህ መከላከያ እንዲኖራቸው በሕግ አዘዘ። ምሥጢሩም ፍጹም አልነበረም፤ በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በብዙ ሚሊዮን ቁልፎች ውስጥ የነበረውን የ40 ቢት ምሥጢር ፈትተው ለዓለም አሳይተዋል።

ወደ እኛ አገር የደረሰው ያገለገለ ቶዮታ ይህን ጠባቂ በሆዱ ይዞ መጣ፤ የገዛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ መኖሩን ያወቀው ቁልፉ የጠፋበት ዕለት ነው። ቁልፍ ቀራጩ እንደ ልማዱ ብረቱን ቀርጾ ይሰጠዋል፤ ቁልፉ ይገባል፣ ይዞራል፣ መሪውም ይፈታል፤ ሞተሩ ግን ወይ አይነሣም፣ ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል፤ በሰዓቱ ሰሌዳ ላይም ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። የቁልፉን ቤት በሌላ ቢለውጡት ነገሩ አይለወጥም፤ ብረቱ መስክሮ ሲያበቃ ሁለተኛው ምስክር አልቀረበምና። ቀድሞ የነበረ ቁልፍ በእጅ ካለ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቺፒቱን ከአሮጌው ራስ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር፣ ወይም ዋናውን ቁልፍ ይዞ አዲሱን ለኮምፒዩተሩ ማስተዋወቅ ይቻላል። ሁሉም ቁልፎች ከጠፉ ግን፣ ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ የመመርመሪያ ማሽን ገጥሞ በተፈቀደ መንገድ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ፣ በቀደሙት ሞዴሎችም ኮምፒዩተሩን ፈትቶ፣ ስምንት እግር ያላትን የመዝገብ ቺፕ ከሰሌዳው ላይ በብየዳ አንሥቶ፣ የተጻፈባትን አንብቦ እንደ ገና መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ከመካኒክነት ይልቅ ወደ ጸሓፊነት የሚያዘነብል ሞያ ነው፤ ማሽኑም ሞያተኛውም በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ የዲላ ባለ መኪና ወይ ኮምፒዩተሩን አስፈትቶ በመንገደኛ እጅ መላክ፣ ወይ መኪናውን በሌላ መኪና አስጭኖ ወደ ሰሜን ማጓዝ ግድ ሲሆንበት ይታያል።

በዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት አለው። መከላከያው ሌባን ማራቁ የታመነ ነው፤ ነገር ግን ሸክሙን የተሸከመው በሐምቡርግ ወይም በለንደን ጎዳና የሚያደባው ሌባ ብቻ አይደለም፤ ቡናውን በመከር ወራት ወደ ገበያ ሊያደርስ የቸኰለ፣ ሊብሬው በስሙ የተጻፈ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው የጌዴኦዋ የወናጎ ሰውም ተሸክሞታል። ሠሪው ፋብሪካ የቁልፉን ምሥጢር ለባለ ንብረቱ ከመኪናው ጋር ቢያስረክበው ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር፤ መኪናው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ኢትዮጵያ ሲደርስ ግን የምሥጢሩ ወረቀት አብሮ አይመጣም። በዚህም ምክንያት የተቸገሩ ሰዎች አቋራጭ ፈጠሩ፤ የሚታወቀውን ቁልፍ ራስ ቈርጠው ከመሪው ሽፋን ውስጥ ከመዳቡ ጥቅል አጠገብ በፕላስተር አጣብቀው ይተዉታል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ጌታውን ዘወትር አጠገቡ ያገኘ መስሎት ለማንኛውም ተራ ብረት ይታዘዛል። ይህ ብልኀት መኪናይቱን ወደ ብረቱ ዘመን ይመልሳታል። ዘበኛ ባለበት ግቢ ለሚያድር መኪና አልነቅፈውም፤ በየከተማው ደጅ ለሚያድር ግን አልመክረውም። በሌላ በኩል የመክፈት ዕውቀት የያዘ ሰው ኀላፊነት ከፍ ብሏል፤ ቁልፍ አስቀርጽ ብሎ ለመጣ ሁሉ ሊብሬና መታወቂያ ሳይጠይቅ ኮምፒዩተር የሚከፍት ባለሞያ፣ በሶንጎ ፊት ቢቀርብ ከሌባው ቀጥሎ እንደሚጠየቅ አልጠራጠርም።

ይሁን እንጂ ዘመኑ በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። በዲላ ጎዳናዎች የሚርመሰመሰው ባጃጅና በየቡና መጋዘኑ ደጅ የሚቆመው የቀድሞው አይሱዙ በአብዛኛው ቺፕ የማያውቅ ቀላል ቁልፍ ስላላቸው፣ የመንገድ ዳሩ ቁልፍ ቀራጭ ከመቅረጫ መኪናውና ከሞረዱ ጋር ዛሬም እንጀራውን ይበላል። የአዲስ አበባው ማሽንም ዋጋው በቀነሰ መጠን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች መውረዱ የማይቀር ነው፤ ቁልፍ መቅረጫው ራሱ በአንድ ወቅት እንዲሁ ብርቅ ነበረና።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በደቡቡም መንገድ መታየት ጀምሯል። በዚህ መኪና ውስጥ የሚነሣ ሞተር ስለሌለ የማስነሻ ቁልፍ ቤትም የለም፤ ባለ መኪናው ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሲቀርብ በሩ ይከፈታል፣ አዝራር ሲጫን መኪናው ለጉዞ ይዘጋጃል፤ ከአንዳንዱም ጋር የሚሰጠው ካርድ ወይም በስልክ የሚገባ ፈቃድ ነው። ነገር ግን ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ፈጽሞ የደከመ ዕለት በሩ የራዲዮ ቃል አይሰማም፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ በብዙዎቹ የኪስ ቁልፎች ሆድ ውስጥ አንዲት የብረት ምላስ ደብቀዋል፤ በበሩ እጀታ ሥር በሽፋን ለተሸፈነች ትንሽ ቀዳዳ የምትሆን ናት። እርሷ የጠፋችበት ሰው አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሌላዋ የተረፈችው ካለች፣ እዚያው ዲላ በመቅረጫ መኪናው ላይ ትቀረጻለች።